ኒውክሌር፣ ፍራኪንግ እና የስምጥ ሸለቆው እንፋሎት፦ አወዛጋቢ የኃይል ምንጮች ከአቦምሳ ሲታዩ

አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ በአንድ ወገን ደጋውን፣ በሌላው ወገን ቆላውን ታዋስናለች። ከግርጌዋ በአዋሽ ውሃ የሚለማው የኑራ ኤራ የፍራፍሬ እርሻ ይገኛል፤ በየሱቁ መደርደሪያ የሚታወቀው የመርቲ ማርማላታና የቲማቲም ድልህም መነሻው ይኸው አካባቢ ነው። በስተሰሜን የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ቀጥታ ቢለካ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ቆሟል።

በዚህ ተራራና በአጎራባቹ በዶፋን መካከል ምድር ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ታኅሣሥ 26 ቀን የተመዘገበው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.7 ገደማ ሲሆን፣ የካቲት 7 ቀን የደረሰው ደግሞ 6 ገደማ ነበር። ንዝረቱ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቅቀዋል። የሳተላይት ልኬቶች እንዳሳዩት ምክንያቱ ከምድር በታች ቅልጥ ዐለት ወደ ጎን እየተገፋ አዲስ ስንጥቅ መክፈቱ ነው። በወቅቱ እጅግ ያሳሰበው ጉዳይ ለሸንኮራ አገዳ ልማት የተሠራው የከሰም ግድብ ደኅንነት ነበር። ምድር ስትንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው በላይዋ ስላቆመው ነገር መሆኑ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሁለት ታላላቅ ዜናዎች ተከታተሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ መንግሥት ቀጣይ ብሎ ከጠቀሳቸው ዕቅዶች መካከል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ይገኝበታል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በሌላው ዓለም ለአሥርት ዓመታት ሕዝብን ከሁለት ሲከፍሉ የኖሩት ሁለት ርዕሶች፣ ማለትም አቶምና ጋዝ፣ በአንድ ወር ውስጥ የኢትዮጵያ ርዕሶች ሆኑ።

ክርክሩ ከነዜናው መምጣቱ አይቀርም፤ የሚያሳስበው ግን በተውሶ እንዳይመጣ ነው። የኒውክሌር ተቃዋሚው ቼርኖቤልን፣ የጋዝ ተቃዋሚው የአሜሪካን የተበከለ የጉድጓድ ውሃ፣ ደጋፊው በበኩሉ የፈረንሳይን የኤሌክትሪክ መረብ ይጠቅሳል። ሦስቱም ምሳሌዎች እውነት ናቸው፤ ሆኖም ስለ አዋሽ ሸለቆ ብዙ አይናገሩም። አንድ የኃይል ምንጭ አደገኛ ወይም ንጹሕ የሚሆነው በስሙ ሳይሆን በሚያርፍበት መሬት፣ በሚወስደው ውሃና ውሳኔውን በሚሰጠው አካል ነው። ይህ መመዘኛ ከተያዘ ደግሞ ፈተናው ለኒውክሌርና ለፍራኪንግ ብቻ የሚቀርብ አይሆንም፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለ ብዙ ክርክር እየተቆፈረ ላለው የእንፋሎት ኃይልም ይቀርባል።

ሁለት ስንጠቃዎች

በአማርኛ ሁለቱንም ሥራዎች «መሰንጠቅ» ብሎ መግለጽ ይቻላል። በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ የሚሰነጠቀው የዩራኒየም 235 ኒውክለስ ነው። አንድ ኒውትሮን ሲመታው ለሁለት ይከፈላል፤ ሙቀትና ሌሎች ኒውትሮኖችን ይለቃል፤ እነዚያም ተራቸውን ሌላውን ይመታሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከማንኛውም የሙቀት ኃይል ማመንጫ አይለይም፤ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎት ተርባይን ያዞራል። ልዩነቱ እሳቱ እንደ ማገዶ እሳት ሊጠፋ አለመቻሉ ነው። ማብላያው ከቆመ በኋላም የተሰነጠቁት አቶሞች ውላጆች ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀናትና ለወራት ያለማቋረጥ መቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን ፉኩሺማ የደረሰው ይኸው ነው። ማብላያዎቹ መንቀጥቀጡ እንደተሰማ በሥርዓቱ ቆመው ነበር። ሱናሚው የማቀዝቀዣውን ኤሌክትሪክ በማቋረጡ ግን ነዳጁ ቀለጠ።

በፍራኪንግ የሚሰነጠቀው ዐለት ነው። ሼል የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ደለል ወለድ ዐለት በውስጡ ጋዝ ቢይዝም ጋዙ የሚተላለፍበት ቀዳዳ የለውም። ጉድጓዱ ወደ ታች ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ከተቆፈረ በኋላ አግድም ይታጠፋል፤ ከዚያም አሸዋና ጥቂት ኬሚካል የተቀላቀለበት ውሃ በከፍተኛ ግፊት ይገባል። ግፊቱ ዐለቱን ይሰነጥቃል፤ አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም ይደግፋል፤ ጋዙ በስንጥቁ ይወጣል። በአሜሪካ ሜዳዎች ለአንድ ጉድጓድ የሚውለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን ሊትር ይበልጣል፤ ከፊሉ ጨውና ሌሎች የከርሰ ምድር ንጥረ ነገሮችን ይዞ ተመልሶ ይወጣል። በነገራችን ላይ የዐለቱ ስምና በነዳጅ ማደያዎች የሚታወቀው የኩባንያ ስም በአማርኛ ፊደል አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ። በደቡብ አፍሪካው የካሩ ደረቅ ምድር የሼል ጋዝ ለመፈለግ ፈቃድ ከጠየቁት መካከል ይኸው ኩባንያ መኖሩ ደግሞ አንባቢን ይበልጥ ሊያደናግር ይችላል።

የካሩ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ከቴክሳስ ይልቅ ይቀርባል። የበግ አርቢዎች አገር ነው፤ ኑሮው በከርሰ ምድር ውሃ የተመሠረተ ነው። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ፍለጋውን አገደ፤ በ2012 እገዳውን አነሣ፤ በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት የወጣውን የፍራኪንግ ደንብ ሻረ። የተሻረበት ምክንያት ትኩረት ይስባል። ፍርድ ቤቱ ስለ ዐለቱ ጥናት አላካሄደም፤ ያየው ደንቡን ያወጣው ሚኒስትር ሥልጣኑ ያልሆነውን አድርጓል ወይ የሚለውን ነበር።

የኢትዮጵያ ጋዝ ያለው የት ነው?

በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ፍራኪንግን የሚጋብዝ የታወቀ የሼል ጋዝ ሜዳ የለም፤ ምድሩ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ውላጅ ነው። ጋዙ ያለው በኦጋዴን ተፋሰስ ውስጥ ነው። የካሉብ ሜዳ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ቁፋሮውን ገፍተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፖሊ ጂሲኤል ከተባለ የቻይና ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ በ2022 ተቋረጠ። የካሉብ ጋዝ በዋናነት የሚገኘው በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ በተፈጥሮው ቀዳዳማ ስለሆነ ጋዙ ከሼል የባሰ ጥብቅ ዐለት ውስጥ የታሰረ አይደለም። ስለዚህ ካሉብን «የኢትዮጵያ ፍራኪንግ» ብሎ መጥራት የሥነ ምድር ስሕተት ነው። በጅማ አካባቢ በዴልቢ ሞዬ የሚገኘው የዘይት ሼልም ከሼል ጋዝ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ ተቆፍሮ በሙቀት ዘይት የሚወጣው ዐለት ነው።

ስያሜው ትክክል ባይሆንም ከጀርባው ያለው ሥጋት አይቀልም። እ.ኤ.አ. በ2020 በካሉብ አካባቢ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በማይታወቅ ሕመም እንደሚሠቃዩ፣ ምክንያቱም የቁፋሮ ኬሚካል ነው ብለው እንደሚያምኑ በዓለም አቀፍ ጋዜጣ ተዘገበ፤ የመንግሥት ኃላፊዎች አስተባበሉ። በዚህ ዓይነት ክርክር ውስጥ እውነቱን የሚለየው የማንም ወገን ድምፅ ከፍታ አይደለም። ከመጀመሪያው ጉድጓድ በፊት የተወሰደ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የውሃ ናሙና ልኬት ካለ ብክለቱ መጣ ወይም አልመጣም ማለት ይቻላል። ልኬቱ ከሌለ ሁለቱም ወገኖች ለዘላለም ሲካካዱ ይኖራሉ፤ የታመመውም ሰው ለምን እንደታመመ ሳያውቅ ይቀራል።

ማብላያ በስምጥ ሸለቆ አገር

ኢትዮጵያ ለኒውክሌር ሳይንስ እንግዳ አይደለችም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሲመሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 አባል ሆናለች። በደቡባዊው የስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብን ለመቀነስ በጨረራ የመከኑ ወንድ ዝንቦችን የመልቀቅ ሥራ ተካሂዷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኮባልት 60 የካንሰር ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል። የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ። ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የተጀመረው ግንኙነትም ዓመታትን ያስቆጠረ ሲሆን፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የኃይል ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር እስከ መፈራረም ደርሷል።

የደጋፊዎቹ ክርክር ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ መብራትም ይጠፋል። በ2001 ዓ.ም. የነበረውን የመብራት ፈረቃ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ለመረዳት ሠንጠረዥ አያስፈልገውም። ማብላያ በድርቅም በክረምትም እኩል ይሠራል፤ ከሰል ከሚያነድ ጣቢያ ጋር ሲነጻጸር የሚለቀው የካርቦን መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግብፅ በኤል ዳባ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሆኑ አራት ማብላያዎችን በሩሲያ ብድር እያስገነባች ነው። ደቡብ አፍሪካ በኩበርግ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለት ማብላያዎችን ታንቀሳቅሳለች።

ሁለቱም ጣቢያዎች ግን የቆሙት በባሕር ዳርቻ ነው። ባሕር የማቀዝቀዣ ውሃ አይነፍግም። በየብስ ላይ፣ በማቀዝቀዣ ማማ የሚሠራ 1,000 ሜጋ ዋት ማብላያ በቀን ከ40 እስከ 60 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ወደ አየር ይተናል። ይህ የአዋሽን ያህል ለቆቃ፣ ለወንጂ፣ ለኑራ ኤራና ለመተሐራ አስቀድሞ የተከፋፈለ ወንዝ ላይ ቢጨመር በበጋው ወራት ከታች ላለው ተጠቃሚ የሚተርፈውን መገመት አያዳግትም። የአሜሪካው ፓሎ ቨርዴ ጣቢያ በአሪዞና በረሃ ውስጥ የተጣራ የከተማ ፍሳሽ እየተጠቀመ ይሠራል፤ ይህ ብልሃት ግን ፍሳሹን የሚሰበስብና የሚያጣራ ትልቅ ከተማ በአቅራቢያው ይፈልጋል።

የኤሌክትሪክ መረቡም የራሱ ገደብ አለው። የተለመደው ምክር አንድ ማመንጫ ከመረቡ ጠቅላላ አቅም ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ያ አንድ ክፍል በድንገት ቢቆም አገሩ ሁሉ እንዳይጨልም። ከሕዳሴው ግድብ በፊት አንድ ትልቅ ማብላያ ለኢትዮጵያ መረብ ከአቅም በላይ ነበር። ግድቡ ይህን ችግር አቃልሎታል። የዓባይ ውሃ ለአቶሙ መንገድ መጥረጉ ብዙ የማይነሣ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የቦታ ምርጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርመንያ ስፒታክ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.8 ነበር። ከቦታው ርቆ የሚገኘው የሜትሳሞር ኒውክሌር ጣቢያ አልተጎዳም፤ ሆኖም መንግሥት ሥጋቱን መሸከም ስላልቻለ በቀጣዩ ዓመት ዘጋው። ከዚያ የመጣው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጨለማ ነበር። በከተሞች ኤሌክትሪክ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣ ነበር፤ ለማገዶ ሲባል ዛፍ ተጨፈጨፈ። እ.ኤ.አ. በ1995 አንዱ ማብላያ እንደገና ተከፈተ። ምድሩ በእነዚያ ስድስት ዓመታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ትዕግሥት ነው። ፊሊፒንስ በበኩሏ በባታን የኒውክሌር ጣቢያ ገንብታ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጨርሳ፣ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍላበት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታመነጭበት ቀረች፤ ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ጣቢያው በናቲብ እሳተ ገሞራ ተረተር ላይ መቀመጡ ነበር። የአርመንያ ታሪክ ሥጋቱን አሳንሰው ለሚያዩ፣ የፊሊፒንስ ታሪክ ደግሞ ቦታውን በኋላ እናስብበታለን ለሚሉ ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ የመንቀጥቀጥ ታሪክ ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ተመዝግቧል። በ1906 በዝዋይና ላንጋኖ አካባቢ፣ በ1961 በካራቆሬና በማጀቴ ከ6 በላይ የሆኑ መንቀጥቀጦች ደርሰዋል። በዚህ ላይ የ2017 ዓ.ም. ሲጨመር፣ ከስምጥ ሸለቆው ወለልና ከግራ ቀኝ ግድግዳዎቹ ላይ ማብላያ ማቆም በሥነ ምድር ረገድ ሊታሰብ እንደማይገባ ለመናገር ድፍረት አይጠይቅም። ይህ ማለት ኢትዮጵያ ኒውክሌር አይገባትም ማለት አይደለም። ከስምጡ ርቀው የሚገኙ፣ አሮጌና የተረጋጋ ዐለት ላይ የተኙ የምዕራብ አካባቢዎች አሉ። በዚያ ያለው ጥያቄ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ የውሃና የማስተላለፊያ መስመር ጥያቄ ይሆናል።

ያልተከራከሩበት እንፋሎት

እስካሁን የተባለው አቦምሳን የሚያረጋጋ ይመስላል፤ ፍራኪንግ የለም፣ ማብላያውም ወደ ስምጡ ሊመጣ አይገባም። ነገር ግን በዚያው በአርሲ ዞን፣ በኢተያ አቅራቢያ፣ ቱሉ ሞዬ ላይ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ቆይቷል። የሚፈለገው ጋዝ አይደለም፤ በእሳተ ገሞራው ሥር የጋለ ውሃና እንፋሎት ነው። የታቀደው በሁለት ምዕራፍ 150 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ቁፋሮውን የጀመረው የኬንያው ኬንጄን ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ አሉቶ ላንጋኖ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፍረው በ1998 ወደ 7 ሜጋ ዋት የሚጠጋ የሙከራ ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በብልሽት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ቆሟል። ኮርቤቲ ደግሞ ከሻሸመኔ ባሻገር አለ። ለዘርፉ አዋጅ ቁጥር 981/2008 ወጥቶለታል።

ይህ የኃይል ምንጭ ስሙ መልካም ነው። ታዳሽ ነው፣ የአገር ነው፣ ሌሊትና ቀን ይሠራል። ምንጩ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። ከምድር ውስጥ ከሚወጣው ሙቀት ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ከዩራኒየም፣ ከቶሪየምና ከፖታሲየም የተፈጥሮ ጨረራ ነው። በሌላ አነጋገር እንፋሎቱም በከፊል የአቶም ልጅ ነው።

ከፍራኪንግ ጋር የሚያገናኘው ግን ከዚህ የበለጠ ተጨባጭ ነው፤ እርሱም ፈሳሽን ወደ ጥልቅ ዐለት መልሶ መግፋት ነው። ከእንፋሎቱ ጋር የወጣው ጨዋማ ውሃ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ተመልሶ ወደ ምድር መስረግ አለበት። አሠራሩ አካባቢን ይጠብቃል፤ የውሃ ክምችቱንም ይሞላል። በመሬት ስብራት ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት ድስት ማየት ይበቃል። ከባድ ክዳን የተጣደ ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ባያነሣውም ያቀልለዋል፤ በጣት ሲነኩት ይንሸራተታል። በስብራት ግራና ቀኝ ያሉ ዐለቶችም ተጣብቀው የሚቆዩት በላያቸው ባለው ክብደትና በመፋተግ ነው። በመካከላቸው የሚገባ ውሃ ግፊቱ ሲጨምር ከክብደቱ ከፊሉን ይሸከማል፤ መፋተጉ ይላላል፤ ቀድሞውኑ ሊንሸራተት የደረሰ ስብራት ይንሸራተታል።

በኦክላሆማ እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 የደረሰው 5.8 መንቀጥቀጥ የመጣው ከራሱ ከፍራኪንጉ ሳይሆን ከነዳጅ ጉድጓዶች የወጣውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ጥልቅ ምድር ከማስረግ ነበር። እንግሊዝ ፍራኪንግን ያገደችው በ2019 ብላክፑል አቅራቢያ 2.9 ከተመዘገበ በኋላ ነው። ከዚህ ጎን የእንፋሎት ፕሮጀክቶች ታሪክ ሲቀመጥ ልዩነቱ እምብዛም አይደለም። በስዊዘርላንድ ባዝል ለእንፋሎት ሲባል ውሃ በግፊት ወደ ዐለት ከገባ በኋላ በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. 3.4 መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ፕሮጀክቱም ተሰረዘ። በደቡብ ኮሪያ ፖሃንግ ኅዳር 15 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰው ከ5 በላይ ሲሆን ከተማዋን ክፉኛ ጎድቷል፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ከእንፋሎት ጉድጓዱ ጋር አያይዞታል። «ንጹሕ» የተባለው ምንጭ «ቆሻሻ» ከተባለው የበለጠ ያናወጠበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ባዝልና ፖሃንግ ዐለቱን ሆን ብለው ለመክፈት ውሃን በከፍተኛ ግፊት ያስገቡ ፕሮጀክቶች ናቸው። ቱሉ ሞዬና አሉቶ በተፈጥሮ የተሰነጠቀ ዐለት ውስጥ ያለውን ውሃ የሚፈልጉ ናቸው፤ መልሶ ማስረጊያውም ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ግፊት የሚካሄድ ነው። በካሊፎርኒያ ዘ ጋይሰርስ ከሳንታ ሮዛ ከተማ የተጣራ ፍሳሽ በቧንቧ መጥቶ ሲሰርግ የጨመሩት መንቀጥቀጦች በአብዛኛው ጥቃቅን ናቸው። ስለዚህ ቱሉ ሞዬ ላይ ፖሃንግን መተንበይ ትክክል አይሆንም። ችግሩ ሌላ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች ራሳቸው አይረጉም፤ የሳተላይት ራዳር አሉቶ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2008 በድንገት ወደ ላይ እንዳበጠ አሳይቷል። ነገ አንድ መንቀጥቀጥ ቢደርስ ከጉድጓዱ ይሁን ከተራራው የሚለየው ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ለዓመታት የተሰበሰበ የመንቀጥቀጥ መዝገብ ነው። በካሉብ የውሃው ልኬት እንዳከራከረ ሁሉ በአርሲ የመንቀጥቀጡ መዝገብ ሊያከራክር ይችላል።

ፍሎራይድና በሰቃ

የስምጥ ሸለቆ ሰው ስለ ውሃ የሚያውቀውን ማንም መጽሐፍ አያስተምረውም፤ ጥርሱ ላይ ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ከ10 ሚሊ ግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲብስም አጥንት የሚያጎብጠው ይኸው ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ፍሎራይድ ማጣሪያዎች የተተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። የጋለ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ብዙ ፍሎራይድ ያሟሟል፤ አንዳንዴም አርሴኒክ። መልሶ የማስረጉ ሥራ በትክክል ከተሠራ ይህ ውሃ ከጥልቁ አይወጣም። የጉድጓዱ ብረትና ሲሚንቶ ከላላ ግን በመንገዱ ላይ ካለው የመጠጥ ውሃ ጋር ይገናኛል፤ ይህ ደግሞ ፍራኪንግን የሚቃወሙ ሰዎች በፔንሲልቬንያ የሚያነሡት ሥጋት ራሱ ነው።

ውሃ በዚህ ምድር ውስጥ በታሰበለት መንገድ ብቻ እንደማይሄድ የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ምስክር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቷል፤ የባቡር ሐዲዱንና የአውራ ጎዳናውን አስቸግሯል፤ ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃው የሸንኮራ ማሳዎችን ነክቷል። ተመራማሪዎች ከመስኖ የተረፈውን ውሃ፣ ሌሎችም የምድር ውስጥ እንቅስቃሴን በምክንያትነት ያቀርባሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ከአቦምሳ የማይርቅ ሐይቅ ያለ ማንም ዕቅድ አሥር እጥፍ አድጓል።

የሚወስነው ማነው?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ የሚመለከተውን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም በሚነደፍበትና በሚፈጸምበት ጊዜ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከፕሮጀክት በፊት ጥናትና የሕዝብ አስተያየት ይጠይቃል። ሕጉ አለ። ልምዱ ግን ከሕጉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከጣሊያን የጦርነት ካሳ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ 43 ሜጋ ዋት ለከተሞች ሲሰጥ፣ የግጦሽ ሜዳቸውና ቀያቸው ከውሃ በታች የቀሩ የአካባቢው ኦሮሞዎች በምክክር ጠረጴዛ ላይ አልነበሩም። ያኔ «አወዛጋቢ የኃይል ምንጭ» የሚል ቃል አልነበረም፤ ውኃው ግን አንድ ነው።

የኬንያው ኦልካሪያ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ትምህርት ነው። ኬንያ በእንፋሎት በመላው አፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ቱሉ ሞዬ ላይ የቆፈረው ኩባንያም ልምዱን ያገኘው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኦልካሪያ አራት ሲባል የተነሡ የማሳይ ቤተሰቦች ለዓለም ባንክ የቁጥጥር ፓነል አቤቱታ አቀረቡ፤ ፓነሉ ባንኩ ደንቡን ያላከበረባቸው ነጥቦች እንዳሉ አረጋገጠ፤ ጉዳዩ በሽምግልና ተያዘ። ቴክኖሎጂው አልተከሰሰም። የተከሰሰው ሰዎቹ በምን ቋንቋ እንደተነገራቸው፣ የተሰጣቸው መሬት ለከብት ይስማማ እንደሆነና ስምምነቱ ተጽፎ በእጃቸው መድረሱ ነበር።

ለአቦምሳና ለመርቲ፣ ለጄጁና ለዶዶታ ወረዳዎች ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥራ ትልቅ አይደለም። ከአዲስ ቁፋሮ በፊት የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ፍሎራይድ፣ አርሴኒክና ጨዋማነት ተለክቶ በወረዳው ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ይኖርበታል። ጥቂት የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ተተክለው መረጃቸው ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። የሚሰርገው ውሃ መጠንና ግፊት በየወሩ መታተም አለበት። የምክክር ስብሰባ ቃለ ጉባኤም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ ለተሳታፊው መድረስ አለበት። ከእነዚህ መካከል ገንዘብ የሚያስፈልገው መሣሪያው ነው። አንድ ጥልቅ የእንፋሎት ጉድጓድ መቆፈር በርካታ ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል፤ የአንድ ወረዳን የውሃ ጉድጓዶች መለካት ግን አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ የበጋ ወቅት የመስክ ሥራ ሊጨርሰው ይችላል።